ራያ የመረጠችው ጎማ

ራያ ቀናተኛ እንዳልሆነች ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገር ነበር። ቀናተኛ ያልሆነ ሰው ለማስረዳት ይህን ያህል እንደማይደክም ማንም አልነገራትም።

አባቷ ሸምሰዲን፣ ቡራዩ ውስጥ አምቦ መንገድ ዳር ጎማ ቤት አላቸው። የህያን ያወቀችው እዚያው ነው። ሰበታ ጋራዥ ያለው ልጅ ነው። በዚያ በኩል ሲያልፍ ጎማው ፈነዳበትና ገባ። የተቀደደውን ጎማ አገላብጣ አየችና «ፍሬን ላይ ክፉ ነህ» አለችው። አዲስ ገዝቶ ሄደ። በሳምንቱ ምንም ሳይጎድለው ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ መመላለሱን ተያያዘው።

ተያዩ፣ ተሳሳቁ፣ ዝም ተባባሉ። «እወድሃለሁ»ም «እወድሻለሁ»ም የሚል ግን ጠፋ።

በዚህ መሐል ሐኒ መጣች።

የህያ አሮጌ ዲኤክስ መኪናውን አድሶ ለአማተሮች የጽናት ውድድር ሊያሰልፈው ተነሳ። ውድድሩ ሱሉልታ ነው፤ አስፋልቱ ተነጥፎ ቤቶቹ ሳይሠሩ በቀሩበት የሪል ስቴት ግቢ ውስጥ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ስለሚፈጅና ለአንድ ሰው ስለሚከብድ በአንድ መኪና ሁለት ሹፌሮች ይቀያየራሉ። ሁለተኛዋ ሹፌር ሐኒ ነበረች፤ የሱሉልታ ልጅ፣ የአባቷን አይሱዙ እየነዳች ያደገች፣ ስትስቅ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ የምትጥል። ራያ ገና በመጀመሪያው ቀን ጥርስ ነከሰችባት።

ልምምዱን ልታይ ሰበታ የሄደች ቀን ደግሞ የባሰውን አየች። ሹፌር ሲቀየር፣ የወረደው ለገባው ቀበቶ ያስርለታል። የውድድር ቀበቶ በትከሻም በወገብም ስለሚያልፍ የተቀመጠው ሰው ብቻውን አያጠብቀውም። ራያ ይህን ታውቃለች። ማወቋ ግን የየህያ እጅ በሐኒ ትከሻ ላይ ሲያልፍ ከማፍጠጥ አላገዳትም። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት፤ ሐኒ ሳቀች።

«ምን ብለሃት ነው?» አለችው ኋላ፣ ጎማ ቤት ሲመጣ።

«ማንን?»

«ተወው።»

ግራ ገባው። ከዚያ የመጣበትን ጉዳይ አነሳ። «የውድድሩን ጎማ አንቺ ምረጪልኝ።»

ምርጫው ሁለት ነበር። ለስላሳው ጎማ አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ዝናብም አይበግረውም፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ መኪናው ደጋግሞ ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር ሹፌር ይቀየራል፤ ሹፌር በተቀየረ ቁጥር ያ ቀበቶ አለ። ጠንካራው ረጅም ይሄዳል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ግን አይታመንም።

ራያ አሰበች። ያሰበችው ስለ አስፋልት አልነበረም።

«ጠንካራውን ውሰድ።»

«ሰኔ ነው እኮ፣ ራያ። ሱሉልታ ነው።»

«ምረጪ አልከኝ፣ መረጥኩ።»

ዓይን ዓይኗን አያት። ከዚያ ጎማዎቹን እያንከባለለ ጫነና ሄደ።

ሸምሰዲን ከባንኮኒው ኋላ ሁሉንም ሰምተዋል። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ምን በድሎሽ ነው?»

«ይበረክታል ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ጎማውስ ይበረክታል» አሉ። «ልጁስ?»

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ከቡራዩ ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ ብታይ ሰማዩ ጠቁሯል። የፈሩት ይደርሳል። ዝም ብትል የህያ በዚያ ጎማ ዝናብ ላይ ሊወጣ ነው። ብትናገር ደግሞ ቅናቷ ሐኒ ፊት ሊዘረገፍ ነው። ለስላሳዎቹን ጎማዎች በአባቷ ፒክአፕ ላይ ጭና፣ መንገዱን ሁሉ ራሷን እየረገመች ነዳች።

ስትደርስ ማካፋት ጀምሯል። «ጎማውን ቀይሩት» አለች ገና ሳትወርድ። «ያንሸራትታችኋል።»

«እኛም ስንለው የሰነበትነው ይሄንኑ ነው» አለች ሐኒ። «ትናንት በልምምድ መኪናው እርጥቡ ላይ ዞረብን። የህያ ግን ራያ የመረጠችው አይነካም ብሎ ድርቅ አለ።»

ራያ ወደ የህያ ዞረች። «አውቀህ ነው?»

«አዎ።»

«አብደሃል? ብትገለበጥስ? እሷስ?»

«በዝናቡ እኔ ነኝ የምነዳው ብያታለሁ። ጎማ የማታውቂ ብትሆኚ ያኔውኑ እቀይረው ነበር። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ምክንያትሽን እስክትነግሪኝ ጠበቅኩ።»

ዝናቡ ኮፈኑን ይመታል። ራያ መሬት መሬት አየች።

«ቀበቶ ስታስርላት ማየት አልፈልግም። በጠንካራው ብዙ አትቆሙም። በቃ፣ ምክንያቱ እሱ ነው።»

የህያ አልሳቀም። ቢስቅ ኖሮ ፒክአፗን አስነስታ ትሄድ ነበር።

«ጎማ ሰበታም ይሸጣል፣ ራያ» አለ ቀስ ብሎ። «ቡራዩ የምመላለሰው አንቺን ብዬ ነው። እወድሻለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ዘጋህ?»

«አንቺንስ?»

ክሪኩን አንስታ ከመኪናው ሥር ገባች፤ ፊቷን ሊያዩባት አልፈለገችም። ጎማው ተቀይሮ ሲያልቅ የህያ «ዛሬ ቀበቶውን አንቺ እሰሪልን» አለ። «የእኔንም፣ የእሷንም።»

ውድድሩ ተጀመረ። መጀመሪያ ሲቆሙ የህያ ወረደ፣ ሐኒ ገባች። ራያ ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ከልቧ ሳበችው።

«ትንሽ አላዪው፣ መተንፈስ አቃተኝ።»

«እንዳትንቀሳቀሺ ነው።»

ሐኒ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ሞተሩ ሊውጠው ምንም አልቀረውም። «ራያ፣ የተሳሳትሽው በእሱ በኩል ነው። በእኔ በኩል አልተሳሳትሽም። ሲያስርልኝ እጁ ቢቆይ እመኝ ነበር። እሱ ግን የሚያወራኝ ስለ አንቺ ነው። ያን ቀን ሰበታ የሳቅኩትም ያንቺን ነገር ሲነግረኝ ነው። አልቅሼ ከማሳየው ብዬ ሳቅኩለት።»

የራያ እጅ ባለበት ቀረ። ልክ ነሽ የሚላትን ሰው ስንት ጊዜ ፈልጋ ነበር፤ አሁን ስታገኘው መረራት። ማሰሪያውን ቀስ ብላ አላላችው። መያዙን ለማወቅ ደግማ ጎተተችው።

«ተመቸሽ?»

«ተመችቶኛል።»

«ታችኛው ኩርባ ላይ ውሃ ተኝቷል። ቀስ በይ፣ እሺ?»

ሐኒ ራሷን ነቀነቀች፤ መኪናው ወጣ። የህያ በዝናብ በስብሶ ራያ አጠገብ ቆመና እጇን ፈለገ። ሰጠችው። ዓይኗን ግን መኪናው ታችኛውን ኩርባ እስኪያልፍ አልነቀለችም።