በግራጫው ጀርባ ላይ የነበረው ልብስ

ጓ! ከዚያ ጸጥታ። እንደገና ጓ! ሰኮና ከሳንቃ ጋር ሲላተም። መርማሪዋ ከመኪናዋ ወርዳ ጭቃውን እየዘለለች ወደ ጋጣው ስትሄድ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበርና፣ ከዚያ ድምፅ በቀር የሚመራት ነገር አልነበረም።

«ይኸውልዎ፣ ነፍሰ ገዳዩ ራሱ እየጠራዎት ነው» አለ በሩ ላይ የቆመው የእንስሳት ሐኪም። ጥቁር ቦርሳ ይዟል። «እርስዎ አይተው ሲጨርሱ እወጋዋለሁ። ሰው የገደለ ፈረስ እዚህ አያድርም ብለዋል ባለፈረሶቹ።»

«ሁሉም?»

«ከራሱ ባለቤት በቀር።»

የሞተው የጋጣው ጠባቂ ነው። የወጣለት ስም ቢኖረውም ሰው ሁሉ አባ ልጓም ነበር የሚለው። በግራጫው ፈረስ ክፍል ጭድ ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ከጆሮው በላይ ተፈንክቷል። እግሩ ሥር ስስ የፈረስ ልብስ ወድቋል። ግራጫው ወፍራም ልብስ እንደለበሰ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል።

ነገሩ ግልጽ ይመስል ነበር። ሌሊቱ በረደ፤ አባ ልጓም ስሱን አውልቆ ወፍራሙን ሲያለብስ፣ በእርግጫው የታወቀው ግራጫ ጭንቅላቱን አለው። ማለዳ አስከሬኑን ያገኘው ዳቦ ጋጋሪ፣ የጥቁሩ ፈረስ ባለቤትም፣ ሐኪሙም እንዲህ ነው ያሉት።

መርማሪዋ ተንበርክካ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያለች ወደ ፈረሱ ተጠግታ እጇን ከልብሱ ሥር ሰደደች። ከጫንቃው ወደ ታፋው ስትዳብስ እጇ ድንገት ቆመ። ገበሩን ገለጥ አድርጋ የሆነ ነገር ለቀመችና ወጣች።

ሦስቱ ባለፈረሶች ኮርቻ በሚሰቀልበት ክፍል ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። አስከሬን ከግድግዳው ማዶ ተኝቶ፣ እነሱ የሚጨቃጨቁት ስለ ፈረስ ልብስ ነበር።

«ወፍራሙን ራሴ ነኝ የሰፋሁት» አለች የግራጫው ባለቤት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ትናንት ማታ አምጥቼ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ለውጭ ነው፣ ጋጣ ውስጥ ስሱ ይበቃዋል ብዬ ለአባ ልጓም ነግሬው ነበር።»

«ስንቴ ነገርኩሽ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አየሩን እያዩ መቀያየር ነው። ላብ ካላበው ብርዱ ይብስበታል። እኔ ጥቁሩን ከልብሱ ሥር ሳልዳብሰው ገብቼ አልተኛም።»

«ለሚስትህ ይህን ያህል ብታስብላት ጥሩ ነበር» አሉ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ የካፖርታቸውን ኮሌታ ወደ ላይ እየሳቡ። «ፈረስ ጠጉር የተሰጠው ለምንድን ነው? እናንተ ሙሽራ አደረጋችኋቸው! የእኔ ዳማ፣ ያቺ ቀይ ባዝራ፣ ጀርባዋን ጨርቅ ነክቶት አያውቅም።»

«ጋሼ፣ ዳማዋ እኮ አርጅታለች። ሌሊት ትንቀጠቀጣለች እያለ አባ ልጓም ስንቴ ለመነዎት?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ጠባቂ ይጠብቅ እንጂ አይምከር።»

መርማሪዋ በሩን ተደግፋ ታዳምጥ ነበር። ከመስቀያው ላይ አንድ አሮጌ የፈረስ ልብስ አወረደችና ወደ አግዳሚው እንጨት ጠቆመች። «ይህ ፈረስ ነው እንበል፤ ጭንቅላቱ በመስኮቱ በኩል። እስቲ አልብሱልኝ።»

«ሰው ሞቶ ጨዋታ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ ግን ተነሣ። ልብሱን ከአንገቱ በኩል ጣል አደረገና ወደ ኋላ አንሸራተተው። ልብስ ሰፊዋም እንደዚያው አደረገች።

«ለምን ወደ ኋላ?»

«ጠጉሩ የሚተኛው ወደዚያ ነዋ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። « ወደ ፊት ከተሳበ ይገለበጥና ሲያሳክከው ያድራል። አባ ልጓም እኮ በሚሳሳት ሰው ላይ ባልዲ ይወረውር ነበር።»

«እርስዎስ?»

«እኔን እንኳ አታስቸግሪኝ፣ ልጄ» አሉ ዳኛው ቀና ብለው። «በሕይወቴ ፈረስ አልብሼ አላውቅም።»

«አምንዎታለሁ» አለች መርማሪዋ።

ብቻዋን ወደ ዳማዋ ክፍል ሄደች። ስትመለስ የግራ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ርሶ ነበር። ሁሉንም ወደ ግራጫው በር ጠራቻቸው። ሐኪሙ መርፌውን አዘጋጅቷል።

«ፈጠን በል፣ ይገላገል» አሉት ዳኛው።

«ውርንጭላ ሳለ በጡጦ ነው ያሳደግኩት!» ልብስ ሰፊዋ የፈረሱን አንገት አቀፈች። «መጀመሪያ እኔን ውጉኝ!»

«መርፌውን ወደ ቦርሳህ መልሰው» አለች መርማሪዋ። «ይህ ፈረስ ማንንም አልገደለም። ሰኮና ክብ ነው፤ የሟቹ ቁስል ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ከጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ደግሞ የግራጫው ጠጉር ከልብሱ ሥር ሁሉም ወደ ፊት ተገልብጧል። ከታፋው ወደ አንገቱ ስቦ ነው ያለበሰው፣ ያለበሰው ሰው። አባ ልጓም እንዲህ ያለብሳል?»

«ቢሞት!» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ ወዲያው የገዛ ቃሉ አስደነገጠውና አፉን በእጁ ያዘ።

«ስለዚህ ያለበሰው ማልበስ የማያውቅ ሰው ነው። አላውቅም ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«አለማወቅ ማስረጃ ሆነ?» አሉ ዳኛው። «እኔ ፊት ብታቀርቢው አባርርሽ ነበር።»

«ያባርሩኝ ነበር፤ ይህን ባልይዝ።» መዳፏን ዘረጋች። አጫጭር ቀይ ጠጉሮች። «ከአዲሱ ልብስ ገበር ላይ ናቸው። ከግራጫና ከጥቁር ፈረስ ቀይ ጠጉር አይረግፍም። አባ ልጓም ዳማዎ ስትንቀጠቀጥ አላስቻለውም፤ ያገኘውን ወፍራም ልብስ አለበሳት። እርስዎ ማለዳ ከዳቦ ጋጋሪው ቀድመው መጥተው አዩ። ገፈተሩት። የውኃ ገንዳዋ ብረት ነው፤ ጠርዙን አጥበውታል፣ ደሙ ግን ታች ውኃው ውስጥ ረግቷል። ከዚያ ወደዚህ ጎትተው አመጡት፤ የሚራገጥ ፈረስ ስላለ። የግራጫውን ስስ ልብስ ገፈው ወፍራሙን ደረቡለት፣ ሲቀይር የሞተ እንዲመስል።»

ዳኛው ሐኪሙን አዩት፣ ዳቦ ጋጋሪውን አዩት። የሚያግዛቸው አልነበረም።

«ከፈረሴ ላይ እጅህን አንሣ ብቻ ነው ያልኩት» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «ሳቀብኝ። ‹ጌታዬ፣ እርስዎስ ካፖርት ለብሰው የለም ወይ?› አለኝ። አንዴ ነው የገፋሁት። አንዴ ብቻ።»

«እሱስ ሳይታሰብ ሆነ እንበል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ግራጫዬንስ? እሱን ግን ቆመው ሊያስገድሉብኝ ነበር።»

መርማሪዋ ውጭ የቆመውን ፖሊስ ጠራች። ፖሊሱ ክንዳቸውን ሲይዝ ዳኛው ወደ ዳማዋ ክፍል ዞሩ፤ አሮጊቷ ባዝራ አንገቷን በበሩ ላይ አውጥታ ታያቸዋለች።

«ልጄ» አሉ ለልብስ ሰፊዋ። «ከእንግዲህ የሚያያት ሰው የላትም። አንቺ ማልበስ ታውቂበታለሽ... ይብረዳት አትበይብኝ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጠረገች፤ የግራጫውን ገመድ ፈታች፤ በዳኛውና በመርማሪዋ መካከል አልፋ፣ ወደ ዳማዋ ዞር ብላ ሳታይ፣ ፈረሷን እየሳበች ወደ ጉሙ ወጣች።