የጉማሮ ሁለተኛ ዐይን

የሰንደባ ተራሮች ቀለማቸው ገና ሳይደርቅ፣ ወንዞቿም መንገዳቸውን ሰው እየጠየቁ በሚሄዱበት በዚያ ዘመን፣ አንድ ማለዳ ፀሐይ በጎኗ ወጣች። አዎ፣ በጎኗ! ዘወትር ሙሉ ፊቷን ወደ ሰው አዙራ የምትወጣው ፀሐይ ያን ቀን አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዐይንና ግማሽ አፍንጫ ብቻ ይዛ ብቅ አለች። ዶሮዎች ይጩኹ ይተዉ ግራ ገባቸው። ሽማግሌዎች ጢማቸውን ይዘው «ይህ ምልክት ነው፤ ደግም አይደለም» አሉ። ደግ እንዳልሆነማ ዶሮውም ገብቶታል።

የሰንደባ ሕዝብ ከእህልና ከውኃ ቀጥሎ የሚወደው የሰው መልክ መሳል ነበር። በመናገሻይቱ በድንብላ የገጾች አዳራሽ የሚባል ቤት ቆሟል፤ ጣሪያው ከመርዘሙ የተነሣ ከጫፉ የተነሣች የዝናብ ጠብታ መሬት እስክትደርስ በጋ ይገባል። በዚያ አዳራሽ በየዓመቱ የመጋረጃ ቀን ሲደርስ ታላቁ ዐውደ ርእይ ይከፈታል። ንጉሡ መጋረጃውን ይገልጣሉ፤ በሰሌዳ ላይ የታየ መልክም በሰው ልብ ውስጥ፣ በባለመልኩም ላይ እንደታየ ይጸናል። ሕጉ ይህ ነበር፤ ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ ግን አንድም ጊዜ ስቶ አያውቅም።

ፀሐይ በጎኗ በወጣችበት ማለዳ ሰዓሊዎቹ አዳራሹን ሲከፍቱ በሰሌዳዎቹ ላይ አንድም ፊት አልነበረም። ካባው አለ፣ ጋሻው አለ፣ አንገቱ አለ፤ ከአንገት በላይ ግን ላም የላሰችው ይመስል እርጥብና ልሙጥ ሆኗል።

ጥፋቱ በሥዕል ቢያበቃ ምን ነበረበት? መልኩ የተላሰ ሰው ሁሉ ከወዳጆቹ ልብ ጠፋ። የጦር አበጋዙ ሠራዊቱን ሊያዝ ቢወጣ ወታደሮቹ «አባቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ብለው በር ላይ አቆሙት። ንጉሥ ዝማሮም ወደ እልፍኛቸው ሲገቡ ንግሥቲቱ «እንግዳ ማረፊያው በጓሮ በኩል ነው» አሏቸው።

በሥዕል ቤቱ ሥልጠናዋን ልትጨርስ የተቃረበች ትብለጥ የምትባል ወጣት ነበረች። የመጀመሪያ ሥራዋ ለዐውደ ርእዩ ተመርጦላት፣ የአባቷን የወንድይፍራውን መልክ ስላ ሰቅላ ነበር። ከተሰቀለው በታች ቆማ ልሙጡን አየች። ወደ ቤቷም ስትሮጥ እናቷ ወይዘሮ ጥሩሰው የሙቀጫ ዘነዘና ይዘው አባቷን ከግቢ ሲያስወጡ ደረሰች።

«ጥሩዬ፣ እኔ ነኝኮ!» ይላሉ አባቷ አጥሩን ይዘው።

«እኔ ማን? በዚህ ዕድሜዎ የሰው ቤት ሲገቡ አያፍሩም? ደግሞ የባሌን ጋቢ ለብሰው!»

«ባልሽ ማነው ታዲያ?»

ወይዘሮ ጥሩሰው ዘነዘናውን አስቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ።

ትብለጥ ግን አባቷን አልረሳችም። ሰዓሊ ናታ! አንድ ክረምት ሙሉ ክንዷን ዘርግታ፣ ከሰሏን በአውራ ጣቷ ይዛ፣ ግራ ዐይኗን ጨፍና በቀኙ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ለክታዋለች። ተለክቶ የታየ መልክ አይላስም።

በዚያው ቀን ንጉሡ፣ በመልካቸው ባይሆን በዘውዳቸው ታውቀው፣ ሸንጎ ጠሩ። የሰዓሊዎቹ አለቃ ሊቀ ሰዓልያን ዐምደ ብርሃን በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ጃንሆይ፣ ይህ የጉማሮ ሥራ ነው። በጉም አፍ ተራራ የሚኖር አውሬ ነው። አባቶቻችን በየግድግዳው ስለውታል።»

እውነት ነው፤ ጉማሮን የማይስል ሰዓሊ አልነበረም። የሥዕል ቤቱ ጥንታዊ ሥርዐት «የደግ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ የክፉ ፊቱ በጎን» ይላል። ስለዚህም ደጎች ሁለት ዐይን፣ ክፉዎች አንድ ዐይን ይዘው ይሳላሉ። ጉማሮም ሁልጊዜ በጎኑ፣ ባንድ ዐይኑ ነበር።

«ልሙጡ አዲስ ቀለም አይዝም፤ የመጋረጃ ቀን ሳይደርስ ገጾቹ ካልተመለሱ» አሉ ሊቁ፣ «መጋረጃው በልሙጡ ላይ ይገለጣል። ያን ጊዜ መርሳቱ ይጸናል። እስከ ዘላለም።»

ከሸንጎው መካከል ትብለጥ ወጥታ በንጉሡ ፊት ከሰሏን መሬት ላይ አኖረች።

«ጃንሆይ፣ በእጄ ባለው ከሰል፣ እናቴ በረሳችው በአባቴ ስም እምላለሁ፤ ገጾቹን ሳላመጣ የድንብላን ውኃ አልጠጣም!»

«ጦር ስጧት» አሉ ንጉሡ።

«ጦሩ አለ ጃንሆይ» አለ አንድ አሽከር፤ «የሚያዘው ነው የጠፋው።»

ያኔ ከወደ ኋላ አንድ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ «እኔ አለሁ!» አለ። ባሻ ዳምጠው ነበሩ። ባሻ ዳምጠው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሥዕል ቤቱ እየቆሙ የሚሳሉ ሰው ናቸው። በአዳራሹ ያለው ጀግና ሁሉ፣ ዘንዶ የሚወጋው፣ አንበሳ የሚያንቀው፣ ግንብ የሚንደው፣ እሳቸው ናቸው። በእውነቱ ግን ከትንኝ በቀር የገደሉት የለም። ለብዙ ዓመት ጦር ሰብቀው ከመቆማቸው የተነሣ የተዋጉ ይመስላቸዋል እንጂ። ያን ማለዳ ደግሞ መስተዋት አይተው ኮፍያቸውን በማንሣት «እንዴት አደሩ ጌታዬ» ብለዋል።

«ልጄ፣ ዘንዶ መግደል እንደሆነ ለምጄዋለሁ» አሏት።

«ባሻ፣ ዘንዶው ጨርቅ ነበርኮ። ገለባ የተጠቀጠቀ።»

«ቢሆንስ? ጠረኑ ቀላል መሰለሽ?»

ሊቀ ሰዓልያን ለትብለጥ አንድ ብራና፣ ቀለም፣ አንድ ጥቅል ከሰልና አንድ ሙልሙል ዳቦ ሰጧት። ዳቦው ስንቅ አልነበረም። የሰንደባ ሰዓሊዎች የተሳሳተ የከሰል መሥመር የሚያጠፉት በዳቦ ልብ እያሹ ነው። «ያላየሽውን አትሳዪ» ብለውም መረቋት፤ ይህ የሥዕል ቤቱ የመጀመሪያ ትምህርት ነበር፤ የመጨረሻውም።

ዕቃቸውን በአንዲት በቅሎ ጭነው ወጡ፤ መንገዱም ረጅም ነበር። ንፋሱ ከመበርታቱ የተነሣ የበቅሏቸውን ጭነት አራግፎ መልሶ ጫናት። ባሻ ዳምጠው በየዳገቱ ስለ ገድላቸው ሲተርኩ፣ በየቁልቁለቱ ስለ ጉልበታቸው ሲያማርሩ፣ ወደ ጉም አፍ ሸለቆ ደረሱ፤ በቅሏቸውን ከአፋፉ አስረው ብራናውንና ቀለሙን ይዘው ገቡ። ሸለቆውን የድንጋይ ጅቦች ይጠብቁታል። ከሚንቀሳቀስ በቀር ምንም አያዩም፤ የሚንቀሳቀስን ግን እንደ ቆሎ ያደቅቁታል። ጅቦቹ ሲንጋጉ ትብለጥ ልትሮጥ ስትል ባሻ ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ አኖሯት።

«እንዳትተነፍሺ። ይኼ የኔ ሙያ ነው።»

ቀኝ እግራቸውን አስቀደሙ፣ ደረታቸውን ነፉ፣ ጦራቸውን ሰበቁ። ከዚያ በኋላ ባሻ ዳምጠው ሰው መሆናቸው ቀረ። ጅብ እግራቸውን አሸተተ፤ አልተነቃነቁም። ሌላው ጀርባውን አከከባቸው፤ አልተነቃነቁም። አንዲት ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ተቀምጣ፣ ስትደላደል ውላ፣ በመጨረሻ ሰለቻትና ሄደች። ጅቦቹም ሰልችቷቸው አንድ በአንድ አንቀላፉ። ያን ጊዜ ባሻ እንደ ጥላ ቀስ ብለው ተሻገሩ።

«ባሻ!» አለች ትብለጥ ወርዳ እጃቸውን እየሳመች፤ «አሁን እውነተኛ ጀግና ሆኑ!»

ባሻ ግን አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪ። ያ ዳቦ…»

«የቱ ዳቦ?»

«ዳገት ስወጣ ይርበኛል። እዚያው ዳገቱ ላይ በላሁት።»

ከእንግዲህ ትብለጥ የሳተችውን መሥመር ማጥፊያ የላትም።

ጉማሮ በዋሻው አፍ ተቀምጦ አገኙት። የዝሆን ገላ፣ የንስር ክንፍ፣ የበግ ጠጉር ነበረው። በግራ በኩል ሲያዩት ግርማው ያስፈራል። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ግን ምንም የለም! እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። የሰረቃቸውን ገጾች ባዶው ጎኑ ላይ ሊለጥፍ ይታገላል፤ ያበጋዙን ጉንጭ ለጠፈ፣ ወደቀ፤ የንጉሡን ቅንድብ ለጠፈ፣ ተንሸራተተ።

ባሻ ጦራቸውን ሰበቁ። ትብለጥ ግን እጃቸውን ያዘች። ክንዷን ዘረጋች፣ ግራ ዐይኗን ጨፈነች፣ ለካች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጉማሮ። ድምፁ ድንጋይ ያንከባልላል።

«እያየሁህ ነው።»

አውሬው መለጠፉን ተወ። «እስከ ዛሬ ማንም አይቶኝ አያውቅም» አለ። «አባቶችሽ እዚህ አልመጡም። ጓዳቸው ተቀምጠው በጎኔ ሳሉኝ። ባንድ ዐይን ሳሉኝ። መጋረጃ ተገለጠ፣ ጸናብኝ። እንደገና ሳሉኝ፣ እንደገና ጸናብኝ። አንድ ማለዳ ስነሣ ሌላው ጎኔ የለም። በቀኜ ገደል ይኑር ሜዳ አላውቅም፤ ስንቴ ወድቄያለሁ መሰለሽ! ሙሉ ፊት ፍለጋ ነው የወጣሁት።»

ትብለጥ አፈረች። እሷም በተማሪነቷ ጉማሮን በጎኑ ስላ ተመስግናበታለች። ከሥዕል ቤቱ ማንም «አይተሽዋል ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም።

«ፊት ለፊት ብስልህ ገጾቹን ትለቃለህ?»

«በወደቅሁባቸው ገደሎች ሁሉ እምላለሁ፤ እለቃለሁ።»

ብራናውን ዘረጋች። የምታጠፋበት ዳቦ ስለሌላት አንዲቱን መሥመር ሳትጭር ብዙ አየች። ባሻ ዳምጠው አውሬው አጠገብ ቆመው «አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ልቀቅ፣ ሲያሳክክህ ሌላ ነገር አስብ» እያሉ መቀመጥን አስተማሩት። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አፉን ስትስል ልሙጡ ጎን እንደ ሊጥ እየተነሣ መልክ ያዘ። የጎደለው ቀኝ ዐይኑ ብቻ ሆነ። እሱንም ሳለችው። ዐይኑ ግን እንደ ቀለጠ ቅቤ ከብራናው ላይ ወርዶ መሬት ጠብ አለ። ደግማ ሳለች፤ ደግሞ ወረደ።

«ያላየሽውን አትሳዪ» አለች ለራሷ። ያን ዐይን ማንም አላየውም፤ በምድር ላይ የለምና። የሌለ ዐይን እንዲኖር ካለው ሰው መምጣት አለበት።

ባሻም ገባቸው። ፊታቸው ገረጣ፤ ግን ወደፊት ራመድ አሉ። «የኔን ውሰጂ። ዕድሜዬን ሙሉ ጀግና መስዬ ቆሜያለሁ፤ አንድ ቀን ብሆን ምን አለበት?»

«የለም ባሻ። እርስዎ በሁለቱም ያያሉ» አለች ትብለጥ። ፈገግ አለች። «እኔ ግራውን ስለካ ሁሌ እጨፍነዋለሁ።»

መዳፏን ግራ ዐይኗ ላይ አደረገች። ያ ዐይን በመጨረሻ ያየው የባሻን ፊት ነበር፤ እንደ ልጅ ያለቅሱ ነበር። ከዚያም እንደ ትልቅ እንባ በመዳፏ ላይ ወረደ። በብራናው ላይ አኖረችው። አልተንሸራተተም።

ጉማሮ በሁለት ዐይኑ ተመለከተ። በቀኙ ሜዳ ነበር፤ አበባ የሞላበት ሜዳ፤ ከጎኑ ሆኖ ሳለ ለዘመናት ያላየው። አውሬው ጮኸ፤ ገጾቹም ከዋሻው እንደ እርግብ መንጋ ተነሥተው ወደ ድንብላ በረሩ። ሁለቱን ጀግኖች ጀርባው ላይ ጭኖ፣ በቅሏቸውንም ከአፋፉ አንሥቶ ተከተላቸው።

የመጋረጃ ቀን ነበር። ንጉሡ እጃቸውን ገመዱ ላይ አድርገው ሊስቡ ሲሉ ገጾቹ በመስኮት ገብተው በየአንገታቸው አረፉ። መጋረጃው ተገለጠ። በሕዝቡ መካከል አጥር ሥር ሲያድሩ የከረሙት ወንድይፍራው ቆመው ነበር።

«አንተ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩሰው። «የት ከርመህ ነው ጋቢህን እንዲህ ያቆሸሽከው?»

ወንድይፍራው በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቁጣ ሰምተው አያውቁም። «ደጋግመሽ ተቆጪኝ» አሏቸው ይባላል። ከዚያ ሁለቱም ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ እናቷ የተዘጋውን ዐይኗን በከንፈራቸው ነኩት።

ንጉሡ የትብለጥ ምስል በአዳራሹ ራስጌ እንዲሰቀል አዘዙ። ሹማምንቱ ግን ተንሾካሾኩ፤ አንድ ዐይን የክፉ ምልክት ነውና።

«በቀኝ ጎኗ ትሳል» አለ አንዱ፤ «የጎደለው እንዳይታይ።»

«ጎን ደግሞ የክፉ ነው» አለ ሌላው።

ትብለጥ ወደ ሊቀ ሰዓልያኑ ዞራ ሳቀች። «የኔታ፣ ፊት ለፊት ይሳሉኝ። ያለውም ይታይ፣ የጎደለውም ይታይ።»

ሊቀ ሰዓልያን ዐምደ ብርሃን የጥንቱ ሥርዐት የተጻፈበትን ሰሌዳ ከግድግዳው አውርደው በበትራቸው ሰበሩት። ከዚያ ተቀምጠው ሳሏት። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ቶሎ ቶሎ ዐይናቸውን ይጠርጉ ነበርና።

በማግስቱ በድንብላ አደባባይ ነጋሪት ተጎሰመ። «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ከመጪው ጥቢ ጀምሮ በሥዕል ቤቱ ሕያው ገላን ፊት ለፊት አይቶ የመሳል ሥልጠና ይከፈታል! አስተማሪዋ ትብለጥ ናት! ለሚቀጥለው ዐውደ ርእይ ሥራ የሚያቀርብ ያላየውን እንዳያመጣ! ለሥዕል የሚመጣ ዳቦ ለባሻ ዳምጠው አይታይ!»

ጥቢ ሲደርስ ተማሪው ቤቱን ሞልቶ ከበር ውጭ ተረፈ። በመካከል ጉማሮ ተቀምጧል፤ ባሻ ክንፉን እያስተካከሉ «አትንፈራገጥ፣ ገና ጀማሪ ነህ» ይሉታል። ተማሪዎቹ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም አንዳንድ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ትብለጥም ከፊታቸው ቆማ ክንዷን ዘረጋች። የምትጨፍነው አልነበራትም። አየች፤ ለካች፤ የመጀመሪያዋን መሥመር ጫረች።