የፀዳል ስም በመዝገብ

በ፲፰፻፺፫ ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ፀዳል የተባለች የአንኮበር ሴት ወንድ ልጇን አዝላ ጅቡቲ ገባች፤ ሐዲዱ ገና በረሃውን ሳይጨርስ፣ በራስ ዲካ ዳርቻ ድንኳን ተክላ የምድር ባቡር ሠራተኞችን ልብስ ታጥብ ጀመር። በፈረንሳዮች ዘመን ከተማይቱን ካቀኑት አንዷ ነበረች፤ ስትሞት ግን ቄስ ስላልተገኘ ያለ ፍትሐት ተቀበረች።

የልጅ ልጇ ትርሲት በሞት አፋፍ ላይ ሆና ይህን አልረሳችም፤ «በእኔ አርባ የአያቴን ስም አብራችሁ አስጠሩልኝ» ብላ ለልጇ ለአይናለም ተናዘዘች። ቄሱ ደግሞ «በዓለም ስሟ ጸሎት አላደርስም፤ የክርስትና ስሟን አምጪ» አሉ። የሚያውቅ ዘመድ አልነበረም። አርባው ነገ ነው፤ አይናለም ፍንጭ ፍለጋ የጅቡቲ መዝገብ ቤት ስትመላለስ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው።

«የቤተሰብ ስም?» አላት መዝገብ ጠባቂው ሙሚን፤ ካርቲየ 2 በተባለው የከተማው ሠፈር ከሐበሻ ጎረቤት ጋር ያደገ ነውና አማርኛው አይታማም።

«ትናንትም ነግሬሃለሁ። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም።»

«እንግዲያው አንቺና ቅድመ አያትሽ በወረቀት አትተዋወቁም።»

«በሥጋ እንተዋወቃለን። ይልቅ ግለጥ።»

ሙሚን መዝገቡን ገለጠ። «ፀዳል የለችም። ያለችው ያቺው የሰሞኑ ወለተ ሥላሴ ብቻ ናት።»

«እሷን ተዋት አልኩህ እኮ፤ እኔ የምፈልገው ፀዳልን ነው።»

«አራት ቀን ተውኳት፤ አንቺ ግን አልተውሽኝም። ዛሬ እስከ መጨረሻው ላንብባትና ይውጣልሽ፤ ልብስ አጣቢ፣ ከአንኮበር የመጣች፣ አንድ ወንድ ልጅ ያላት፤ የልጁ ስም ይታገሱ።»

አይናለም ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ይታገሱ የፀዳል ልጅ፣ የእናቷ የትርሲት አባት ነው።

ያን ጊዜ የሆነው ይህ ነበር፤ የፈረንሳዩ ሹም በአስተርጓሚ «በመስቀል ምለሽ ስምሽን ተናገሪ» ባላት ጊዜ፣ ፀዳል በመስቀል ፊት የዓለም ስም መጥራት ድፍረት መሰላት፤ ለንስሐ አባቷ ብቻ የምትነግረውን የክርስትና ስሟን ለሹሙ ነገረችው።

«አራት ቀን ሙሉ ስንዘላት?» አለች አይናለም።

«ዝለላት ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ እህቴ።»

አይናለም ስሙን በወረቀት ገልብጣ ወጣች።

በማግስቱ ቄሱ ከትርሲት ስም ቀጥለው «ወለተ ሥላሴ» ብለው ሲጠሩ፣ ለቀስተኛው ማን እንደሆነች እርስ በርሱ ተጠያየቀ። የሐዲዱን መሐንዲሶች ታሪክ በየስማቸው ያውቃቸዋል፤ ሸሚዛቸውን ያጠበችውን ሴት የያዘው አንድ የመዝገብ መስመር ብቻ ነው፤ እሱንም የገዛ ዘሯ አራት ጊዜ «ተዋት» ብላ አልፋዋለች።