አሥራ አራት ኪሎ አሸዋ

ልብስ ሰፊን በወገብ መዋሸት አይቻልም። ደንበኛው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትንፋሹን አፍኖ «በል ለካኝ» ሲለው መርፌ አይቸኩልም። ሜትሩን ወገቡ ላይ ያጠመጥምና «ነፋሱ ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ ወሬ ይጀምርለታል። ሰውየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሆዱ ቦታውን ይይዛል፤ ያኔ መርፌ ቁጥሩን ይጽፋል። ታዲያ ይህ ውሸት አዳኝ በገዛ ምላሱ እንዴት እንደተጠለፈ ልንገራችሁ።

«መርፌ» ያለው ሰፈሩ ነው። ለሥራው ይመስላችኋል? ለቁመናው ነው። እናቱ «ያየህ ሁሉ የማላበላህ እየመሰለው ስሜን አጠፋኸው እኮ!» እያለች ታማርራለች። እሱም ትንሽ ሞላ ብሎ ለመታየት በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሹራብ ደርቦ ይውላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጇ በግራሶ የተለወሰ ልጅ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ጨርቅ እንዳታቆሽሽበት ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታለች፤ ላያት እጅ የሰጠች ነው የምትመስለው። መንገዱ ማዶ ያለው የብስክሌት ጠጋኝ ልጅ ናት። ሰፈሩ «እሜቴ ብሎን» ይላታል፤ የሰው ብስክሌት ቢሆን እንኳ የላላ ብሎን አይታ ማለፍ አይሆንላትም።

«ሸራ ትሰፋለህ?»

«ለድንኳን?»

«ለጋሪ።»

«ጋሪ ደግሞ ሸራ ምን ያደርግለታል?»

«ይነዳዋላ!»

አስረዳችው። ሦስት ጎማ ነው፤ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። መሀሉ ላይ ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይ ሸራ። ሞተር የለው፣ ፔዳል የለው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ነፋሱም አያርፍም። እዚያ ላይ ጋሪው ይከንፋል። ይህን ስታወራ ዓይኗ ይበራ ነበር። መርፌ ከነገረችው ግማሹንም አልሰማ፤ ዓይኗን እያየ «እሰፋለሁ» አለ።

ነገሩ ግን ጨዋታ አልነበረም። አባቷ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት መጠገኛ ቤቱን ለሰው ሊያስረክብ ነው። የወንድሙ ልጅ አሰፍስፎ ይጠብቃል። አባትየው ደግሞ ተናግሮ የማይመለስ ሰው ነው። «የሠራሽው ጋሪ፣ ነጂው መሪውን ለቆለት፣ ሜዳውን ቀጥ ብሎ ካቋረጠ ቁልፉ ያንቺ ነው። ካልሆነ ላጎትሽ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ አንቺም አክስትሽ ከተማ ሄደሽ ሱቅ ትጠብቂላታለሽ» ብሏታል።

ሸራው ተሰፍቶ ሲያልቅ ነጂ አስፈለገ።

«እኔ ከውጭ ቆሜ ጎማዎቹን ካላየሁ ጉድለቱን አላገኘውም። አንተ ትነዳለህ» አለችው። «ስንት ኪሎ ነህ?»

እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አንሥታ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ወይ ጣጣ! እውነቱ ሃምሳ ስምንት ነው። ግን እንዲህ እያየችው ሃምሳ ስምንት ይባላል?

«ሰባ ሁለት» አለ።

«ሰባ ሁለት?»

«አጥንተ ከባድ ነኝ።»

እሷም አመነች። ሁለት ኪሎ በምትይዝ የቀለም ጣሳ አሸዋ እየሰፈረች ሰባ ሁለት ኪሎ ከረጢት ውስጥ ሞላችና የጋሪው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ባዶ ጋሪ አይስተካከልም። የኋላ ጎማዎቹን የተሸከመው ብረት ሰው ሲቀመጥበት ትንሽ ይጎብጣል፣ ጎማዎቹም አብረውት ይጣመማሉ። ስለዚህ ቀጥ የሚደረጉት ክብደቱ ላያቸው ላይ እያለ ነው።

በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊት በኩል ለኩ፣ ከኋላ በኩል ለኩ፤ እኩል እስኪመጣ ብሎን ማጥበቅና ማላላት ሆነ። የሚለኩት በመርፌ ሜትር ነው። በአንዱ ጫፍ እሷ ተንበርክካለች፣ በሌላው እሱ።

«ሳብ አድርገው፣ ይንቀጠቀጣል።»

«እጄ ነው።»

«ምን ሆነህ?»

«በርዶኝ።»

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ላቡንም አየች። ሜትሩ በመካከላቸው ተወጥሮ ቆየ፣ ቁጥሩን የሚያነብ ግን ጠፋ።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ ነበር። ጋሪው ነፋስ እንደቀመሰ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። የጎማዎቹን ነፋስ ቀነሰች። ምሰሶውን ትንሽ ወደ ኋላ አዘነበለች። የሸራውን ገመድ አላላች፣ የፊቱን ጎማ አጠበቀች። ወይ ፍንክች! አንዴማ ጭራሽ ተገልብጦ መርፌን አፈር አስቃመው።

ቤት ስትመለስ አሸዋውን አስቀምጣ ትለካለች፤ ጎማዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። መርፌን አስቀምጣ ሜዳ ታወጣዋለች፤ ጠማማ ነው።

«አሸዋ ሲቀመጥበት ጨዋ፣ አንተ ስትቀመጥበት እብድ!» አለች።

መርፌ አብሯት ሳቀ። ከዚያ ነገሩ ገባውና ሳቁን አቋረጠ። ሊነግራት አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። በምትወዳት ሴት ፊት ቆሞ በአንድ ቃል አሥራ አራት ኪሎ መክሳት ቀላል አይደለም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አባቷ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሜዳው ዳር ቆሟል፤ ያጎቷ ልጅ ከጎኑ። ጋሪው ትንሽ እንደሄደ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ቆመ። እንደገና ተገፋ፤ እንደገና ተጠመዘዘ። አባትየው ተነፈሰና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

እሷ የገዛ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «አባዬ፣ ልክ ሳትሆን አትቀርም» አለች ቀስ ብላ። «እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።»

ይህን ሲሰማ መርፌ አልቻለም።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይያዙት!» ብሎ ጮኸ። «እጇ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው የኔ ምላስ ነው። ሰባ ሁለት ኪሎ ነኝ ብያት ነበር።»

«እሺ፣ ታዲያስ?» አለ አባትየው።

«ሃምሳ ስምንት ነኝ።»

ያጎቷ ልጅ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። አባትየው ባርኔጣውን አፉ ላይ አደረገ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣

«የላይኛውን ሹራብ አውልቅ» አለችው።

«እ?»

«አውልቅ አልኩህ! በርዶህ መስሎኝ ሳዝንልህ ነው እኮ የከረምኩት! አሁን እጅጌዎቹንና አንገቱን ስፋ።»

ልብስ ሰፊ አይደል፣ ክርና መርፌ ኮሌታው ላይ ሰክቶ ነው የሚውለው። ሰፋ። እሷ የቀለም ጣሳዋን ከዕቃ ሣጥኑ አወጣች፣ ውስጡ ያለውን ብሎን ደፋችና ከሜዳው አሸዋ ሰባት ጣሳ ሹራቡ ውስጥ ገለበጠች። ታችኛው አፉም ተሰፋ። አንሥታ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«በል፣ ውሸትህን ታቅፈህ ንዳ!»

ነፋሱ መጣ። ሸራው ተነፋ፣ ብረቱ ጎበጥ አለ፣ ጋሪው ተነሣ። «መሪውን ልቀቅ!» አለ አባትየው። መርፌ ለቀቀና ሹራቡን በሁለት እጁ አቀፈው። ጋሪው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ አቋረጠ።

ሲመለስ ቁልፉ እጇ ላይ ነበር። ያጎቷ ልጅ እንኳ ያጨበጭባል። እሷ ወደ ጋሪው መጥታ ቆመች፤ ፊቷ አልተፈታም።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እንዲያ ስታዪኝ ትንሽ ሰው መምሰል አማረኝ።»

«ዓይን የለኝም? ቀጭን መሆንህን ያላየሁ መሰለህ?»

«ታዲያ ሰባ ሁለት ስልሽ ለምን አመንሽኝ?»

ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ አመጣው፣ አላነሣችውም።

«አንተ ስላልከኝ ነዋ!» አለች። «ዓይኔን ትቼ አንተን አመንኩ።»

መርፌ አፈረም፣ ደስም አለው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚደረግ ደግሞ አያውቅም። «ሁለተኛ አይለመደኝም» አለ። «ያን ቀንም በርዶኝ አልነበረም። እወድሻለሁ።»

«ይኼስ ተመዝኗል?»

«ሚዛን አምጪ!»

ያኔ ሳቀች። በግራሶ እጇ ጉንጩን ያዘችው። መርፌ አሻራዋን ሳይታጠብ ቤቱ ገባ፣ እናቱም አንድ ጊዜ ስታየው ነገሩ ሁሉ ገባት።

ተጋቡ። ሹራቡ ከነአሸዋው ጋሪው ውስጥ ቀረ። የነፋሱ ወቅት በመጣ ቁጥር እሜቴ ብሎን ባሏን ሚዛን ላይ ታቆመዋለች፤ ከአፉ አትቀበልም። እሱ በጨመረ ልክ ከሹራቡ አሸዋ ትቀንሳለች። እናቱ «ስሜን ያደስሽልኝ አንቺ ነሽ» ትላታለች።

ዘንድሮ ሹራቡ ባዶውን ቀረ። ስፌቱን ፈታ፣ አጥባ፣ «በል ልበሰው» ብላ ሰጠችው።

እጁ ገባ። አንገቱም ገባ። ሆዱ ላይ ሲደርስ ሹራቡ እምቢ አለ።

«ውሃ ሰብስቦት ነው» አለ መርፌ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ።

እሷ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አወረደች። ወገቡ ላይ አጠመጠመችና ዓይን ዓይኑን እያየች፣

«ነፋሱ ዛሬ እንዴት ነው?» አለችው።

ወጥመዱን መርፌ ያውቀዋል፤ የፈለሰፈው እሱ ነው። ቢሆንም አፉን ከፈተ፣ እፎይ ብሎ ተነፈሰና፣

«ግሩም ነው» አላት።