በረኪና የጠጣው ምንጣፍ

እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚጸዳ ከተማ የማን ከተማ ነው? መልሱን ለራስዎ ያቆዩት፤ በሸለቆ በር የሆነው ግን ይህ ነው።

የከተማዋን ፍሳሽ የሚያጣራው ሕያው ምንጣፍ ነበር፤ ማለትም በቤተ ሙከራ ከተዳቀሉ ረቂቅ ተሕዋስያን የተሸመነ፣ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን አረንጓዴ ስጋጃ። ከላይ ቆሻሻውን ይበላል፤ ከታች የሚጠጣ ውሃ ያወጣል። ሲጠግብ ያበራል። ሠራተኞቹ በብርሃኑ ምሳቸውን ይበሉ ነበር፤ ማንም አይገረምበትም።

ከምንጣፉ በሚወጣው ውሃ የሚሠራው አዲሱ የአደባባይ ፏፏቴ በሚመረቅበት ቀን ጠዋት የፈረቃው መሐንዲስ ትርሲት ስትገባ ምንጣፉ አመድ መስሏል። ነገሩን አፍንጫዋ ነገራት፦ በረኪና።

«ማን ነው የደፋው?»

«እኔ ነኝ ያስደፋሁት» አለ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ዘርይሁን፣ ከረባቱን እያስተካከለ። «ልዑካን ሊጎበኙን ይመጣሉ። ሽንት ቤት ሽንት ቤት እየሸተታቸው ይዙሩ?»

«ገደሉት እኮ።»

«አንቺ ደግሞ ለጀርም ድንኳን ልትጥይ ነው?»

ትርሲት ወደ ገንዳው ጎንበስ አለች። በማጉያ መነጽር ስታይ በረኪናው ያገኛቸው የላይኞቹ ሕዋሳት ከመሞታቸው በፊት ለታችኞቹ ምልክት ሰድደዋል። የታችኞቹ ደግሞ ቀዳዳቸውን ደፍነዋል። ጠብታ አያልፍም፤ እነሱም አየር አጥተው ታፍነው እያለቁ ነው። ያልተጣራ ውሃ ወደ ሰው እንዳይወርድ ሙቱ ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ በንድፋቸውም አልተጻፈም።

«ፏፏቴው ቆመ» አለ ዘርይሁን ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ። «ማለፊያ ቦዩን ክፈቺ።»

ማለፊያ ቦዩ ደለሉ ብቻ የዘቀጠለትን፣ ጥሩ የሚመስል ግን ያልተጣራ ውሃ በቀጥታ ወደ ከተማው መስመር ያስገባል። የተሠራው ለእሳት አደጋ ነው።

«ያው መስመር ታች ሰፈርን ያጠጣል፣ አቶ ዘርይሁን።»

«እስከ ምሳ ነው። የታች ሰፈር ሰው ከዚህ የባሰ ጠጥቶ አድጓል።»

«እኔ አልከፍትም።»

«አትክፈቺ።» መዳፉን ራሱ መቆጣጠሪያው ላይ ለጠፈ፤ ቦዩ ተከፈተ። የማስጠንቀቂያውንም ጩኸት እንግዶቹን ይረብሻል ብሎ አጠፋው።

ትርሲት ታች ሰፈር ለምትኖረው እህቷ ለሰናይት ደወለች።

«ከቧንቧው እንዳትጠጡ።»

«ምነው? አሁን ለሕፃኑ ወተት በጥብጬበት፣ ጥግብ ብሎ ተኛልኝ።»

«ቀስቅሺው። ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ አሁኑኑ። ለጎረቤትም ንገሪ።»

ከዚያ ወደ አደባባዩ ሮጠች። ፏፏቴው ይዘላል፤ ልዑካኑ የታሸገ ውሃ ፊታቸው ደርድረው ያጨበጭባሉ። ዘርይሁን በሬዲዮ በሚተላለፍ ንግግር ስለ ሰው ልጅ ጥበብ ያወራል። ትርሲት ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰደች።

«የታች ሰፈር ሰዎች፣ ከቧንቧ አትጠጡ፤ የሚወርደው ያልተጣራ ነው» አለች። «ጀርም ብለን የናቅናቸው ለማያውቁት ሰው ሲሉ ታፍነው ሞቱ። ሰው የተባልነው ለፏፏቴ ስንል መርዙን ለቀቅነው። የእህቴ ልጅ ጠጥቶታል። አቶ ዘርይሁን፣ ቢሮ ገብተን እንነጋገር አይበሉኝ። ቦዩን ማን ከፈተው? እዚሁ፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ ይመልሱ።»