ከንፈሩ ላይ የተገኘው መንጠቆ

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ሐይቁ ዳር ባለው የእንጨት መድረክ ላይ፣ ከተገለበጠች ታንኳ ጀርባ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱን ተመትቷል። ዘንጉ መድረኩ ላይ ወድቋል፤ ቅርጫቱ ውስጥ ደግሞ መንጠቆው እንኳ ያልወለቀለት ትልቅ ዓሣ አለ። የሟቹ አማች በካቴና ታስሮ ቆሟል። ሰው ሁሉ ፍርዱን ጨርሶ ነው የጠበቃት፤ እሷ የቀራት መፈረም ብቻ!

«ሬሳው ላይ አጎንብሶ ነው ያገኘነው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሚስቴን ይዤ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ ብሎ ከሽማግሌው ጋር ተጣልቷል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለችው።

ሃምሳ አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። ይቺ ሴት ዛሬም በተረት ልታደርቀው ነው።

የሟቹ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። አጎቷ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ አቅፏት አብሯት ይነፋረቃል። መርማሪዋን ስታይ ከእቅፉ ወጥታ እጅጌዋን ያዘቻት።

«እባክሽ እህቴ! አባቴን ቀብሬ ባሌን እስር ቤት ልመላለስለት? ይሄን ልጅ ከማን ጋር ላሳድገው?»

መርማሪዋ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። ቢሆንም ባልሽ ንጹሕ ነው ልትላት አልቻለችም፤ ገና አላወቀችምና። ወደ አጎትየው ዞረች።

«እርስዎ ከወንድምዎ መቼ ነው የተለዩት?»

«ከቀትር በፊት። ከዚያ በኋላማ በጀልባ ያለፉት ሰዎች በዓይናቸው አይተውታል!»

«ጣትዎንስ ምን ነካዎት?»

«ራዲያተር አቃጠለኝ» አለ፣ የታሸገ ጣቱን እያየ። «ምን ይደረግ፣ የሾፌር ነገር።»

የጀልባዋ ትኬት ቆራጭ ወሬ ጠያቂ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም።

«ከሰዓት በኋላ ስናልፍ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ደፍቶ ተቀምጧል። እጄን ባወዛውዝለት ቀና አይልም! ወዲያው ዘንጉ ተነቃነቀ። ገና ከመነካቱ ብድግ ብሎ ላጥ! አማቹ ከጎኔ ቆሞ ‹ዛሬስ ቀንቶታል› ብሎ ስቋል። ከዚያ ማቆሚያው ጋ ወርዶ በእግሩ ወደዚህ መጣ።»

መርማሪዋ ቅርጫቱ ጋ ተቀምጣ የዓሣውን አፍ ከፈተች። መንጠቆው ከንፈሩ ጫፍ ላይ ነው። ከዓሣ የምታውቀው መብላቱን ብቻ ስለሆነ ልጅቷን ጠራች።

«አባትሽ ሲያጠምድ እንዴት ነበር?»

«አባባ?» አለች፤ በእንባዋ መሃል ፊቷ ፈካ አለ። «የክሩን ማጠንጠኛ ሁልጊዜ ፈትቶ ነው የሚቀመጥ። ዓሣው ሲነካው ክሩን ይለቅለታል። ትልቅ ዓሣ መጀመሪያ ጫፉን ነክሶ ይሮጣል፤ የሚውጠው ሲቆም ነው። አባባ ያን ጊዜ ማጠንጠኛውን ቆልፎ ይስባል። መንጠቆውን ሁሌ ከጉሮሮው ነው የምናወጣው። እኔማ ትዕግሥቱ ያበሽቀኝ ነበር።»

«ሰሞኑንስ ደህና ነበር?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ‹ሆድ ይፍጀው ያልኩት ነገር አላስተኛኝ አለ፤ ለፖሊስ እናገራለሁ› ይላል። ምኑን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። አማቹ እንደታሰረ ነው።

«ትናንት ከጀልባ የታየው ሰው ገና ሲነካው ሳበ» ብላ ጀመረች። «መንጠቆውም ከንፈር ላይ ቀረ። ሟቹ ዕድሜ ልኩን ክር እየለቀቀ ያጠመደ ሰው ነው። ስለዚህ ኮፍያውን ያደረገው እሱ አልነበረም።»

«ታዲያ እሱ የት ነበር?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ሞቶ፣ ከታንኳዋ ጀርባ። ከጀልባ አይታይም። ገዳዩ ጀልባዋ ድንገት ስትመጣበት መሸሻ ስላጣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ አማቹ ጀልባው ላይ ነበር። ፍታው።»

ካቴናው ተፈታ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ዓሣው መጥቶ ነከሰ። ሰውየው ደግሞ ማጠንጠኛ መቆለፍ አያውቅም፤ ሰው እያየውም ዘንጉን ጥሎ መሄድ አልቻለም። የሚሮጠውን ክር በባዶ ጣቱ ያዘ። እንዲህ ያለ ክር ደግሞ እንደ ምላጭ ነው። የሟቹን እጅ አየሁ፣ ጭረት የለውም። የአማቹም እንደዚያው። እርስዎ ግን፣ ያን ፋሻ ይፍቱልኝ።»

አጎትየው አልፈታም። ሃምሳ አለቃው ፈታለት። ቃጠሎ የለም፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ጥልቅ ቁርጥ ነው።

«ባለፈው ዓመት ሰው ገጭቼ ጥዬ ሄድኩ» አለ አጎትየው። «ወንድሜ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ‹ከእንግዲህ አልችልም፣ እናገራለሁ› አለኝ። ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ጀርባውን ሲሰጠኝ ግን...»

ልጅቷ ከባሏ እጅ ወጥታ አጎቷ ፊት ቆመች።

«ባሌ በእኔ ፊት ሲታሰር አቅፈኸኝ አለቀስክ።»

«ያለቀስኩትስ ከልቤ ነበር፣ ልጄ።»

«እሱን ነው» አለችው፣ «እሱን ነው ይቅር የማልልህ።»