ጥላው የዞረ ዕለት

ሰው ተጠሪውን ጥላ አይቶ ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትሳቁ። ስለ ፍየል አይደለም የማወራው። ሚስትና ልጅ፣ ሱቅና ሙያ ስላላቸው፣ ለአንድ ክንድ አቡጀዲ ግማሽ ቀን ለመከራከር ስለማይሰንፉ ትልልቅ ሰዎች ነው።

ሳልሀ አይታለች። ጊዜው ግንቦት 1949 ዓ.ም. ነው፤ ቦታውም ከአሰብ ወደብ ወዲያ፣ ከጨው ሜዳው ባሻገር ያለው፣ ጨው ማዶ የሚባለው ሰፈር። ሳልሀ የውሃ እንስራዋን አጠገቧ አቁማ፣ ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአሮጌው ግድግዳ ጫፍ ተቀምጣለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ገና ጠዋት ቢሆንም ላቡ ከአንገቷ ተነሥቶ በጀርባዋ ይወርዳል።

ግድግዳው ጣሊያን ትቶት ከሄደ መጋዘን የተረፈ ነው። ጣሪያውን ሰው ነቅሎ ቤት ሠርቶበታል፤ ሦስቱ ግድግዳዎች ፈርሰዋል። የቀረው አንዱ፣ ረጅምና ከፍ ያለው፣ አንድ ወገኑ ወደ ባሕሩ፣ ሌላው ወደ በረሃው ነው። ሰፈሩ የሚሰበሰበው እዚሁ ነው፤ ሌላ ጥላ የሚባል ነገር የለውምና። የምርጫው ደንብም ቀላል ነው። አንዱ ተመራጭ በባሕሩ በኩል ይቆማል፣ ሌላው በበረሃው በኩል። አባወራው ሁሉ ከወደደው ሰው ወገን ይሆናል። ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣው ጸሐፊ ከግድግዳው ጫፍ ሆኖ ሁለቱንም ወገን እያየ ራስ ይቆጥራል። ከሁሉም በፊት በዚያ ምድር የነበሩት አፋሮች ግመሎቻቸውን ከጉድጓዱ ዳር አሳርፈው ይህን ከሩቅ ያያሉ። «እናንተስ?» ያላቸው አንድም ሰው የለም።

ጠዋት ላይ ጥላው በበረሃው በኩል ነበር። እዚያ የቆሙት ነጋዴው አቶ ሳኒ ናቸው። ንግግራቸው አጭር ነበር፤ ወደቡ እያደገ፣ ሰፈሩ በየሳምንቱ በላሜራ ቤት እየተሞላ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ አውቶቡስ የሚመድበው እያንዳንዱ ቤትና ሱቅ በዓመት ግብር ከከፈለ ነው፤ እንክፈልና አውቶቡሱ ይምጣ።

በባሕሩ በኩል የሚቆሙት አቶ ሀብቴ ግን ገና አልመጡም። የሁለት ካሚዮን ባለቤት ናቸው፤ የሰፈሩ ስኳርም ዱቄትም በእሳቸው መኪና ነው የሚመጣው። የእሳቸው ቃል ከአቶ ሳኒም ያጥራል፤ ግብር የለም፣ አውቶቡስ አለ።

«ግብር ማለት አንዴ ከጀመረ የማይለቅ ትኩሳት ነው» አለ ጥላው ውስጥ የተጋደመ አንድ የወደብ ሠራተኛ።

«አንተ ደግሞ ምን አለህና ነው የምትፈራው? ሽርጥህን ነው የሚወስዱብህ?» አለው ጎረቤቱ።

«እሱን ከወሰዱማ ምርጫው ይፈርሳል። ማን ቆሞ ያያል!»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ሳኒ አልሳቁም።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ያለ ግብር አውቶቡስ! ካሻችሁማ ያለ ባሕር ዓሣ አጥምዱ።»

«እሺ አቶ ሳኒ፣ ግብሩ ስንት እንደሆነ ይንገሩንና እንወስን» አለ የሳልሀ አባት ጀላሉ።

«መጀመሪያ ምረጡኝ። ከዚያ ትሰማላችሁ።»

ጀላሉ ከወሎ ወርዶ በዚህ ሰፈር ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል። ክብሪት፣ ሳሙናና የፋኖስ ጋዝ ይሸጣል። መልሱን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ሳልሀ ግን በአቶ ሳኒ ተናደደች። እውነት የያዘ ሰው፣ እውነቱን ሰው እንዲተፋው አድርጎ የሚያጎርሰው ለምንድን ነው?

የሳልሀ ነገር ከዚህ አውቶቡስ ጋር የተያያዘ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው በወደቡ በኩል ነው። ባለፈው ወር በቀትር ስትመለስ ጨው ሜዳው መሃል ወደቀች። አንድ የአፋር ሽማግሌ በግመል ጭኖ ባያመጣት ኖሮ ይህን አላወራም ነበር። እናቷ ሁሪያ ልጅቷን ተቀብላ ውሃ ካፈሰሰችባት በኋላ ለባሏ «በቃ። ፊደል ለሬሳ ምን ያደርግለታል?» አለችው። ጀላሉ ብዙ ለምኖ የተገኘው ስምምነት ይህ ነው፤ ዓመቱን ትጨርስ፤ አውቶቡስ ከመጣ ትቀጥላለች፣ ካልመጣ ደብተሯን አጥፋ ሱቅ ትገባለች።

ዛሬ ማለዳ ጀላሉ ሽርጡን እያጠበቀ «ከሳኒ ጋር ነው የምቆመው» አላት፣ ሚስቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰውዬው ኮሶ ነው። ግን አንቺ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠሽ ሳሙና ስትቆርጪ ማየት አልችልም።»

ሳልሀ ደስ ሊላት ሲገባ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ትናንት ያየችውን አልነገረችውም።

ትናንት ሂሩትን ፍለጋ ወደ አቶ ሀብቴ ግቢ ገብታ ነበር። ሂሩት የአቶ ሀብቴ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሳልሀ ከወደቀች ጀምሮ «አይዞሽ፣ አባዬ አውቶቡሱን ያመጣዋል፤ በኪዳነ ምሕረት!» እያለች ስታጽናናት የከረመች እሷ ናት። ግቢው ውስጥ አንድ አናጢ በካሚዮኑ የጭነት ቦታ ላይ አግዳሚ ወንበር እየመታ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ሳልሀ።

ሂሩት ክንዷን ይዛ ወደ በርሜሎቹ ጀርባ ጎተተቻት። «ለማንም አትናገሪ። አውቶቡሱ ይኼው ነው።»

«ይኼ ካሚዮን ነው እንጂ።»

«አውቄ ነው እስካሁን ያልነገርኩሽ። አባዬ ከተመረጠ ግብሩን ያስቀራል። ግብር ከሌለ የማዘጋጃ ቤቱ አውቶቡስ አይመጣም። ሰዉ ደግሞ ወደብ መሄዱ አይቀርም፤ እየከፈለ በእኛ መኪና ይሄዳል።»

«ልጆችስ?»

«ልጅ ምን ይከፍላል? በልጅ ቦታ ሠራተኛ ይጫናል።» ሂሩት የሳልሀን ፊት ስታይ ደንገጥ አለች። «አትፍጠጪብኝ እንጂ! አንቺን እኮ አይመለከትም። አባዬን ለምኜልሻለሁ። አንቺና እኔ ጋቢና ነን። ጠዋት ወስዶ፣ ቀትር ላይ ይመልሰናል። ሾፌሩ አጠገብ፣ በመስኮት በኩል።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ልታለቅሺ ነበራ! ምን ልበልሽ?»

ጋቢና። ሳልሀ ሌሊቱን ስታስበው አደረች። በዚያ በሚያቃጥል ሜዳ ላይ ሁለተኛ አትወድቅም። ደብተሯም አይታጠፍም። አባቷ ከማንም ይቁም፣ ማንም ይመረጥ፣ እሷ ትምህርቷን ትቀጥላለች። አፏን መዝጋት ብቻ ነው። አፍ መዝጋት ደግሞ ለደከመው ሰው ምን ሥራ አለው?

አሁን ሂሩት በሩጫ መጣች፣ ነጠላዋን አገልድማ።

«ጸሐፊው የት ደረሰ?» ብለው ጠየቋት ሰዎቹ።

«እኛ ቤት ቁርስ እየበላ ነው። ጥብሱን ገና አልጨረሰም።»

«ደግሞ ቁርስ! ፀሐይዋ እኮ እኛን ልትበላን ነው።»

ጸሐፊው ጥብሱን አልጨረሰም። ከጥብሱ በኋላ ሻይ መጣ፣ ከሻዩ በኋላ ሎሚ በውሃ። ይህን ሁሉ ሂሩት እየተመላለሰች ትናገራለች፤ ሰዉም ይሰማል፣ ይተነፍሳል፣ ይጠብቃል። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ቆመ። ዝንቡ እንኳ መብረር ሰልችቶት ሰው ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። የግድግዳው ጥላም ቀስ በቀስ ሳሳ፤ ሰዉ እግሩን እየሰበሰበ፣ ጀርባውን ወደ ድንጋዩ እያስጠጋ ሄደ። በመጨረሻ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ጥላ የሚባል ነገር ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው አቶ ሀብቴ ብቅ ያሉት። ለብቻቸው ነው የመጡት፤ እንግዳቸውን ቤት ትተውታል። ለሁሉም ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ሰዉን ሳይሆን ግድግዳውን አሻቅበው አዩ፤ ከግድግዳው ወደ ፀሐይዋ፣ ከፀሐይዋ ወደ መሬቱ። ሳልሀ ይህን አየች። ሰውዬው ቸኩሎ ደመና እንደሚያይ ገበሬ አልነበረም፤ ምጣዱ እስኪግል እንደሚጠብቅ ሰው ነበር።

በባሕሩ በኩል ቀጭን የጥላ መስመር ወጣ። ሁለት አገልጋዮች በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ተሸክመው መጡና በዚያው በኩል ካለው በርሜል ጨመሩት።

«ሂሩት፣ ለወንድሞቻችን ውሃ አቅርቢ» አሉ አቶ ሀብቴ። «ምርጫው ቆይቶ ይደርሳል። ዝም ብላችሁ አረፍ በሉ።»

አረፍ በሉ! ማን እምቢ ይላል? መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ተሻገሩ። ከዚያ ሌሊት ሲሸከም ያደረው የወደብ ሠራተኛ። ከዚያ ባለሱቆቹ፣ አንድ በአንድ፣ «ለጊዜው ነው» እያሉ። አቶ ሳኒ በበረሃው በኩል፣ ፀሐይ ላይ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከጥቂት ሰዎች ጋር ቀሩ። ጃንጥላው የአንድ ሰው ነው፤ ማንንም ግባ አላሉትም።

ሳልሀ አባቷን ፈለገች። ከባሕሩ ወገን፣ ጥላው ውስጥ፣ እግሩን ዘርግቶ አገኘችው። የበረዶውን ውሃ ጠጥቶ ጣሳውን ግንባሩ ላይ አድርጎታል።

«አባባ፣ ቦታህ እዚያ አይደለም እንዴ?»

«ጸሐፊው ሲመጣ እነሣለሁ» አለ ዓይኑን ሳይከፍት።

ጸሐፊው መጣ፤ አፉን በመሐረብ እየጠረገ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ። ከግድግዳው ጫፍ በተዘጋጀለት ወንበር ተቀመጠና ግራና ቀኙን አየ።

«ተሰልፋችኋል ማለት ነው። ጥሩ። ሰው ሳይነሣ ባለበት ልቆጥር ነው፤ በዚህ ሙቀት ማንም ማንንም አያስነሣ።»

«ኧረ እኛ ለጥላው ነው የተቀመጥነው!» አለ አንድ ድምፅ፤ ግን ተቀምጦ ነው ያለው።

«የሚነሣ ይነሣ እንግዲህ» አሉ አቶ ሀብቴ በለሰለሰ ድምፅ። «እኛ የያዝነው የለም።»

ሁለት ሰዎች ብድግ ብለው፣ የፀሐዩን ነጭ ሜዳ አይተው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ሳልሀ አባቷን በትከሻው ያዘችው።

«አባባ! ሊቆጥር ነው።»

ጀላሉ ዓይኑን ገለጠ። በረሃውን አየ፣ ጃንጥላውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። «ልጄ፣ ደክሞኛል» አለ። «ሳኒም ያው ነው፣ ሀብቴም ያው ነው። አንድ እኔ ብሻገር ምን ይለወጣል? አላህ ያውቃል፣ ደክሞኛል።»

አልተቆጣም፣ አላፈረም። ይህ ነው ያስፈራት። ፊቱ ላይ ያየችው እዚያ ጥላ ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ፊት ላይ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ፊት ያንቀላፋ ይመስላል።

«ከመቁጠሬ በፊት ጥያቄ ያለው አለ?» አለ ጸሐፊው፣ ደንቡ ስለሆነ ብቻ። እርሳሱን አንሥቶ ነበር። «የለም።»

ሂሩት ከጎኗ መጥታ ትንሿን ጣቷን ያዘቻት። «አለቀ» አለቻት በሹክሹክታ። «ከሰኞ ጀምሮ በመስኮት በኩል አንቺ ነሽ።»

የሂሩት እጅ በበረዶው ቀዝቅዟል። ደግ እጅ ነው፤ እስከ ትናንት የዋሸችውም፣ ዛሬ የምታጽናናውም ከልቧ ነው። ሳልሀ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን የክፍሏን ልጆች አየች፤ ነገም ከነገ ወዲያም በዚያ ሜዳ ላይ በእግራቸው ናቸው። በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ በአጠገባቸው ስታልፍ ወደየት እንደምታይ አሰበች። አንገቷን ወዴት ታዞረዋለች?

ጣቷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። እንስራውን አስደግፋ አቆመች። ከጥላው ወጥታ በጸሐፊውና በሰዉ መሃል፣ ፀሐይ ላይ ቆመች። መሬቱ በጫማዋ ሶል አልፎ ፈጃት።

«ጥያቄ አለኝ።»

«የጀላሉ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው «ውሃው አልቆባት ይሆናል» ብሎ ሳቀ።

«ሳልሀ!» ጀላሉ ብድግ ብሎ ነበር። «ነይ፣ ተመለሽ!»

ጸሐፊው እርሳሱን አላስቀመጠም። «የኔ ልጅ፣ ይህ የአባወራ ጉባኤ ነው።»

«ጥያቄ ያለው አሉ እንጂ አባወራ ብቻ አላሉም።»

ከበረሃው በኩል አቶ ሳኒ ከት ብለው ሳቁ። ሳልሀ ዞረች።

«እርስዎም አይሳቁ ጋሼ ሳኒ። ግብሩ ስንት እንደሆነ አባቴ ጠይቆዎት አልመለሱለትም። ስለደበቁት ነው ሰዉ ወደ በረዶው የሄደው።»

ሳቁ ቆመ። አሁን ጥላው ውስጥ ያሉት ሁሉ ተነቃቅተዋል፤ ተጋድሞ የነበረው የወደብ ሠራተኛ ክርኑን ተደግፎ ቀና ብሏል። ሂሩት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አታድርጊው ማለቷ ነው። ሳልሀ አየቻት። ከዚህ በኋላ በአንድ ወንበር እንደማይቀመጡ አወቀች፤ አወቀችና ፊቷን ወደ አቶ ሀብቴ መለሰች።

አቶ ሀብቴ ፈገግ ብለው፣ እንደ አባት፣ እጃቸውን ዘረጉላት። «ልጄ፣ ፀሐይ አይምታሽ፤ ዳግመኛ ትወድቂያለሽ። ማታ ቤት ነይ። ከሂሩት ጋር እራታችሁን እየበላችሁ የፈለግሽውን እነግርሻለሁ።»

ሳልሀ የዘረጉላትን እጅ አልያዘችም።

«ማታ አይደለም ጋሼ ሀብቴ፣ ቤትዎም አይደለም። ለእኔ ብቻም አይደለም የሚነግሩት። አውቶቡሱ ይመጣል ወይስ አይመጣም? በካሚዮንዎ ላይ ትናንት የተመታው አግዳሚ የማነው? እኛን ልጆቹን ይጭናል ወይስ አይጭንም? እዚሁ፣ ሰው ሳይቆጠር፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱ።»